የዕፅዋት ቅኝት መረጃን ማጥራት የዕፅዋት ባለሙያ ሥራ ነው

ውድ ጠያቂዬ፣

በዕፅዋት ሥነ ምህዳር የማስተርስ ትምህርትዎን በቅርቡ እንዳጠናቀቁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ሁለት የመስክ ወቅቶችን በደን ውስጥ ዕፅዋትን በመለየትና በመመዝገብ እንዳሳለፉ፣ አሁን ደግሞ አንድ የምርምር ተቋም በተለያዩ ጊዜያት የተሰበሰቡ የዕፅዋት ቅኝት መዝገቦችን አጥርተውና ወጥ አድርገው ወደ ጋራ የመረጃ ቋት እንዲያስገቡ የሁለት ዓመት ቅጥር እንዳቀረበልዎ ጽፈውልኛል። የትምህርት ባልደረቦችዎ «ይህ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ሙያ ያስረሳል» እንዳሉዎት ገልጸው፣ ቅጥሩን መቀበል ይሻል እንደሆነ ወይስ የመስክ ሥራ እስኪገኝ መጠበቅ ጠይቀውኛል።

ይቀበሉት እላለሁ። ከመፈረምዎ በፊት ግን አንድ ነገር ለይተው ይወቁ፦ መዝገቦቹ ሲጠሩ «ይህ ስም ወደዚያ ይለወጥ፣ ይህ ቁጥር እንዲህ ይነበብ» የሚለውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው? ውሳኔው የእርስዎ ከሆነ፣ ወይም ከእርስዎ ጋር ተመክሮበት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሥራው ከመስክ ሥራ ያላነሰ የዕፅዋት ሳይንስ ሥራ ነው። ሌሎች የወሰኑትን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ብቻ ከሆነ ግን ባልደረቦችዎ እውነት አላቸው። ልዩነቱ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ስለማይታይ፣ የሥራው ውስጥ ምን እንደሚመስል ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ።

ትልቁ ድካም ያለው በስሞች ላይ ነው። ለረጅም ዘመን «አካሺያ ኒሎቲካ» ሲባል የኖረውን የግራር ዝርያ ይውሰዱ። በ2005 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቪየና የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ «አካሺያ» የሚለው የወገን ስም፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች በጋራ የሚጠሩበት የመጀመሪያው ስም፣ በአብዛኛው በአውስትራሊያ ለሚበቅሉት ዝርያዎች እንዲቀር የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ፤ በ2011 በሜልበርን የተካሄደው ጉባኤም ውሳኔውን እንዳለ አቆየው። በዚህ የተነሳ ያ ግራር ዛሬ «ቫኬሊያ ኒሎቲካ» ይባላል፤ «አካሺያ ሴኔጋል» የነበረውም «ሴኔጋሊያ ሴኔጋል» ሆኗል። አሮጌውና አዲሱ ስም በአንድ ቋት ውስጥ ሳይገናኙ ከተቀመጡ፣ ዝርያ የሚቆጥር ተመራማሪ አንዱን ዛፍ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለውን አንድ ለአንድ ለውጥ እንደ ወርልድ ፍሎራ ኦንላይን ያለ የስም ዝርዝር ከማመሳከሪያ ፕሮግራም ጋር በአጭር ጊዜ ይፈታዋል፤ የፊደል ግድፈትንም ይይዛል።

ማሽኑ የማይፈታው ሌላ ነው። ቀድሞ እንደ አንድ ዝርያ ይታይ የነበረው ዕፅ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ሲከፈል፣ በአሮጌው ቅጽ ላይ የሰፈረው ስም ከአዲሶቹ የትኛውን እንደሚያመለክት ስሙ ራሱ አይናገርም። መልሱ የሚገኘው ደርቆ ከተቀመጠው ናሙና፣ ከቦታው ከፍታና ከአካባቢው ሁኔታ፣ አልፎ አልፎም ቅጹን ከሞላው ሰው የግል ማስታወሻ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ከመገመት ይልቅ መዝገቡን በወገን ደረጃ ብቻ መተው ይገባል። ዕፅዋትን የማያውቅ ሰው ይህን ሊወስን አይችልም። እርስዎ የመስክ ደብተር የያዙ ሰው ስለሆኑ «ሣር 3» የሚለው ጊዜያዊ መጠሪያ በሁለት ደብተሮች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት እንደሆነ ሳይነገርዎ ያውቃሉ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስገባ ሰው ግን ስሕተቱን ከእንግዲህ ማንም በማያየው ቦታ ይቀብረዋል።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ስለተማርሁም ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ የጋራ ፕሮጀክት ውስጥ መዝገቦችን ሳጠራ፣ አሮጌዎቹን ስሞች አጥፍቼ በቦታቸው አዲሶቹን ጻፍሁ። ከጊዜ በኋላ ከተከተልሁት የስም ዝርዝር ውስጥ አንዳንዱ ሲታረም፣ የመስክ ባለሙያው መጀመሪያ የጻፈው ምን እንደነበር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ ወረቀቶቹም ተወግደው ነበር። ያ ጥፋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመስክ የተጻፈው ስም በራሱ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ተቀባይነት ያለው ስም በሌላ ዓምድ ይግባ፤ ከጎኑም የትኛው ዝርዝርና የትኛው እትም እንደተከተሉ፣ ማን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ይጻፍ። ተቋሙ ለዚህ ጊዜ የለንም ካለዎት፣ ስለ ሥራው ያለዎትን ግምት ዝቅ ያድርጉ።

ከስሞች ቀጥሎ የሚመጣው የሽፋን ልክ ነው። በስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሲያስ ብራውን ብላንኬ ስም በሚጠራው መለኪያ «4» ማለት ዝርያው ከናሙናው ቦታ ከ50 እስከ 75 በመቶ ያህሉን ሸፍኗል ማለት ነው፤ በዶሚን መለኪያ ግን ያው «4» ከ10 በመቶ የማይበልጥ ሽፋንን ያመለክታል። የመለኪያው ስም በቅጹ ላይ ካልተጻፈ የስብስቡን ቁጥሮች በሙሉ ማየትና የዘመኑን የአሠራር መመሪያ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለቱን ለማገናኘት ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ደረጃ በመካከለኛ መቶኛው ይተካል፤ ከ50 እስከ 75 ያለው 62.5 ይሆናል። ይህ የተገመተ እንጂ የተለካ ቁጥር ስላልሆነ፣ እንደተገመተ ተጽፎበት ከዋናው ደረጃ ጋር አብሮ መኖር አለበት። የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሣር ንብርብሮች ለየብቻ በተመዘገቡበት ቅጽ ደግሞ የሽፋኑ ድምር ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ስሕተት መስሎት የሚያርም ሰው ትክክለኛውን መረጃ ያበላሻል። የናሙናው ቦታ ስፋትም እንዲሁ ነው። በ400 ካሬ ሜትር ውስጥ የተገኙ 30 ዝርያዎች በ10 ካሬ ሜትር ውስጥ ከተገኙ 30 ዝርያዎች ጋር ስለማይወዳደሩ፣ ስፋቱ ያልተጻፈበት ቅጽ ለብዙ ትንተና አይሆንም።

ስለ ቀንና ስለ ካርታ ነጥብ ብዙ አልልም፤ ቀኑ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱም ከሊሆን የሚችል ስሕተታቸው ጋር ይጻፉ። ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋት ያሉበት ትክክለኛ ነጥብ ግን ለሁሉም ክፍት ከመሆኑ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ይህ ሁሉ ወዴት ያደርሳል ካሉኝ፣ ኤስፕሎት የተባለው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ናሙና ቋት በ2019 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የናሙና ቦታዎችን መያዙ ተዘግቧል፤ በ2021 ለሁሉም ክፍት የሆነው ክፍሉ ደግሞ ከ114 አገሮች የተገኙ 95,104 የናሙና ቦታዎችን ይዟል። ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን ያለው ጂቢፍም የዝርያ መዝገቦችን ከመላው ዓለም ያሰባስባል። እንዲህ ያሉ ቋቶች የቆሙት እርስዎ በቀረበልዎ ዓይነት ሥራ ላይ ነው፤ ዕፅዋትንም መረጃንም በእኩል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከሚያውቀው በቁጥር በጣም ያነሰ ነው። በደረቁ ዕፅዋት ማከማቻዎች፣ በምርምር ተቋማትና በተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ሥራ የሚያስገኝልዎ ይህ ጥምረት ይመስለኛል።

ለመዘጋጀት በመጀመሪያ ዳርዊን ኮር የተባለውን የብዝኃ ሕይወት መረጃ ደንብ ያንብቡ፤ በ2009 የጸደቀ ሲሆን የትኛው መረጃ በየትኛው ስም እንደሚጠራ ይወስናል። ከዚያ የተዘበራረቁ ሰንጠረዦችን ለማጥራት በነፃ የሚገኘውን ኦፕን ሪፋይንን፣ ቀጥሎም መረጃ የሚተነተንበትን አር የተባለ የፕሮግራም ቋንቋና ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠየቅበትን ኤስኪውኤልን ይማሩ። ፕሮግራም አቀናባሪ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ የሠሩትን እርማት ሌላ ሰው ደግሞ ሊያሠራው በሚችል መልክ መጻፍ ግን ይጠበቅብዎታል። በእጅ የታረመ ኤክሴል ምን እንደተለወጠበት አይናገርም።

በቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶችና ናሙናዎች የት ናቸው፣ እኔስ ላያቸው እችላለሁ? ስብስቡ ሲታተም ስሜ ከአዘጋጆቹ ጋር ይሰፍራል? በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ወደ መስክ መውጣት ይፈቀድልኛል? ሦስተኛውን በተለይ አይተዉት፤ ዕፅዋትን በቁም ማየት ያቆመ ሰው በስሞች ላይ የሚሰጠው ፍርድ እየደከመ ይሄዳል። መዝገቦቹን የሰበሰቡት ባለሙያዎች ጡረታ የወጡም ቢሆኑ እንዲያነጋግሯቸው ይፈቀድልዎ ዘንድ ይጠይቁ፤ በደብተር ያልሰፈረውን የሚያስታውሱት እነርሱ ብቻ ናቸው።

እስከዚያው ከመመረቂያ ጽሑፍዎ ቅጾች ሃያውን ይምረጡና ምንም ሳያብራሩ ለአንድ የትምህርት ባልደረባዎ ይስጡ። የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ሁሉ ይመዝግቡ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመዝገብዎ የጎደለ አንድ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያዎቹን ጽፈው፣ አማካሪዎ ከፈቀዱልዎት ስብስቡን ከነማብራሪያው ያዘጋጁና ይዘውት ወደ ቃለ መጠይቁ ይሂዱ።