ጸጥታ ሁሉ ክልከላ አይደለም፦ በድምፅና በንዝረት ላይ ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ድምፅ የሚያግድ ቁስ ለመሥራት ስትነሡ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ንድፋችሁን በወረቀት ላይ አውጡና የሲሜትሪ መስመሮቹን፣ ማለትም ንድፉን እንደ መስተዋት ለሁለት ተመሳሳይ ግማሽ የሚከፍሉትን፣ በእርሳስ አስምሩ። የትኛው ንዝረት በየት በኩል ሊነሣ እንደማይችል ያለ ስሌት የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ማድሪድ ውስጥ የቆመው የቀራፂው የኢዩሴቢዮ ሴምፔሬ ቅርጽ 2.9 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባላቸው የብረት ቱቦዎች የተሠራ ነው፤ ቱቦዎቹ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በካሬ ፍርግርግ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የስፔን ተመራማሪዎች የለኩትን ሲያወጡ በ1,670 ሄርዝ ላይ ድምፁ ጎልቶ መቀነሱ ታየ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የድምፁ የሞገድ ርዝመት የቱቦዎቹን ርቀት እጥፍ ሲሆን ከየረድፉ የሚመለሰው ድምፅ ይደጋገፋል። የድምፅን ፍጥነት፣ 343 ሜትር በሰከንድ፣ ለርቀቱ እጥፍ ለ0.2 ሜትር ስታካፍሉ 1,715 ሄርዝ ይመጣል፤ ለተለካው ቅርብ ነው። (አዲስ አበባ ላይ ስትለኩ ከፍታው አያስጨንቃችሁ፤ ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀቱ ነው፣ በየዲግሪው 0.6 ሜትር በሰከንድ ያህል። ቴርሞሜትር ግን አይለያችሁ።)

ይህንኑ በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ መሞከር ትችላላችሁ። መጀመሪያ ያለ ቱቦ ለኩ፣ ከዚያ ቱቦዎቹን አቁማችሁ ድገሙና ሁለቱን አነጻጽሩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስፒከሩንና ማይክሮፎኑን በቱቦዎቹ ድርድር መሃለኛ የሲሜትሪ መስመር ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው ድምፁ ሲጠፋ «ታገደ» ይላሉ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ሞድ (የንዝረት ዓይነት) ግን መስመሩ ላይ ግፊቱ ዜሮ ነው። መሃል ያለ ስፒከር አያስነሣውም፣ መሃል ያለ ማይክሮፎንም አይሰማውም፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ የተዘጋ ይመስላል። ስለዚህ ስፒከሩን ወደ ቱቦዎቹ አስጠጉና ወደ ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር አውጡት፤ ማይክሮፎኑንም እንዲሁ። 5 ሴንቲ ሜትር አታድርጉት፤ በሁለት ቱቦዎች መካከልም ሌላ የሲሜትሪ መስመር አለና። ጸጥታው ከጸና ያኔ ክልከላ በሉት።

ካሬ የብረት ዝርግ ስታንቀጠቅጡም ከሁለቱ የመሃል መስመሮችም ከሁለቱ ሰያፎችም ውጭ ምቱት። አንድ ፍሪኩዌንሲ ሊጋሩ የሚገባቸው ሁለት ሞዶች ተለያይተው በልኬቱ ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጫፍ ካሳዩ ሲሜትሪው ተዛብቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በአንድ ጠርዝ በኩል የተለጠፈው ሴንሰር ነው፤ ክብደቱን አስቡበት።

ሲሜትሪውን አውቆ ማዛባትም አለ። ሦስት ማዕዘን ዘንጎች በሦስት ማዕዘን ፍርግርግ ሲደረደሩ ሁለት ባንዶች (ድምፅ የሚያልፍባቸው የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) እንዲነካኩ ሲሜትሪው የሚያስገድድበት አቀማመጥ አለ። ዘንጎቹን ከዚያ 10 ዲግሪ ያህል ስታዞሩ ንክኪው ይለያይና በባንዶቹ መካከል ድምፅ የማያልፍበት የፍሪኩዌንሲ ክፍተት ይፈጠራል። በፍርግርጉ አንድ ግማሽ ያሉትን ዘንጎች ወደ ቀኝ፣ በሌላው ግማሽ ያሉትን ወደ ግራ ካዞራችሁ በሁለቱ ግማሾች ድንበር ላይ የሚሄደው ድምፅ የሾለ መታጠፊያ እንኳ ብዙም ሳይመልሰው ያልፋል። በጣም ትንሽ ካዞራችሁ ግን ክፍተቱ ይጠብና አየሩ በዘንጎቹ ጠባብ መካከል የሚፈጥረው የኃይል ብክነት ይውጠዋል። የዘንጎቹን ማዕዘን ከማጣበቃችሁ በፊት አንድ በአንድ ለኩ።