ትንሿን ቁጥር አትንኪያት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሒሳብ አያስቸግረኝም፣ የኬሚስትሪ ኢኩዌሽን ባላንስ አድርጊ ስባል ግን ግራ ይገባኛል። ቡቴን ጋዝ በኦክሲጅን ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል የሚለውን አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። ካርቦኑን ሳስተካክል ኦክሲጅኑ ይበላሻል። መጨረሻ ላይ ከኦክሲጅን ግርጌ ያለችውን 2 ወደ 13 ቀየርኳትና ግራና ቀኙ እኩል መጣልኝ። መምህሬ ግን ኤክስ አደረገብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ 13 ላይ መድረስሽ ራሱ አብዛኛውን ሥራ እንደጨረስሽ ያሳያል። ቆጠራሽ ልክ ነው። የተሳሳትሽው ቁጥሩን ያስቀመጥሽበት ቦታ ላይ ነው።

ግርጌ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር የነገሩ ማንነት ናት። እሷን ስትቀይሪ ነገሩን ራሱን ቀየርሽው ማለት ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ሁለት አቶም ነው፤ ሦስት ሲሆን ኦዞን ይባላል፣ እሱን ብንተነፍሰው ሳንባችንን ይጎዳል። ካርቦን ከሁለት ኦክሲጅን ጋር ሲሆን ከአፍሽ የምታስወጪው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአንድ ኦክሲጅን ጋር ሲሆን ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሰው ተኝቶ እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። አየሽ፣ በአንዲት ቁጥር ልዩነት። 13 ኦክሲጅን አንድ ላይ የተያያዘበት ጋዝ ደግሞ የለም፣ ለዚህ ነው ኤክስ የተደረገብሽ። አንቺ የምትቀይሪው ከፎርሙላው ፊት የሚጻፈውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ነው የሚናገረው።

አሁን አብረን እንሥራው። ቡቴን 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። ከካርቦን ጀምሪ፦ በቀኝ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሃይድሮጅን፦ አንዱ ውሃ 2 ሃይድሮጅን ስለሚይዝ 5 ውሃ። ኦክሲጅንን ለመጨረሻ ተዪው። ምክንያቱም በግራ በኩል ብቻውን ነው የቆመው፣ ቁጥሩን ብትለውጪው ሌላ ማንንም አይነካም፤ በሱ ብትጀምሪ ግን ካርቦንና ሃይድሮጅንን ባስተካከልሽ ቁጥር እሱ እንደገና ይፈርስብሻል፣ ያን አንድ ሰዓት የበላብሽም ይሄ ይመስለኛል።

በቀኝ ያለውን ኦክሲጅን ቁጠሪ፦ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8፣ ከውሃው 5፣ ድምሩ 13። ኦክሲጅን ደግሞ እንደ ጫማ ነው፣ በጥንድ ነው የሚመጣው። 13 ነጠላ ጫማ ስንት ጥንድ ነው? ስድስት ጥንድ ተኩል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ደንግጦ ይሰርዘዋል። አትሰርዢው! ስድስት ተኩል ብለሽ ጻፊና፣ ግማሽ ሞለኪውል ስለሌለ ሁሉንም በ2 አባዢው፦ 2 ቡቴን፣ 13 ኦክሲጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 ውሃ። ያቺ 13 ተመልሳ መጣች፣ አሁን ግን በቦታዋ።

ሁሌም መልሰሽ ቁጠሪ። ካርቦን 8 በ8፣ ሃይድሮጅን 20 በ20፣ ኦክሲጅን በግራ 26፣ በቀኝ 16 ሲደመር 10፣ ያው 26። ይሄ የመምህራን ደንብ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብረታ ብረትን በታሸገ ዕቃ ውስጥ አሙቆ በፊትና በኋላ ሲመዝነው ክብደቱ ያው ነበር። አቶሞቹ ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ አይጠፉም።

በይ አሁን ኤቴንን ሞክሪ፣ 2 ካርቦንና 6 ሃይድሮጅን ነው ያለው። እሱም ላይ ተኩል ይመጣብሻል። 2፣ 7፣ 4፣ 6 ካላገኘሽ የሠራሽውን ሳትሰርዢ እንዳለ ላኪልኝ፣ የት ጋ እንደሳትሽ አብረን እናየዋለን።