ለቡቺ ጓደኛ ላምጣላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ቡቺ የምትባል የ4 ዓመት ሴት ውሻ አለችኝ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። በቅርቡ የሥራ ሰዓቴ ስለተቀየረ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን መዋል ጀመረች። ጎረቤቶቼ ገና በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ማላዘን ትጀምራለች አሉኝ፤ ማታ ስገባም በሩን ተቧጥጦ አገኘዋለሁ። አንጀቴን በላችው። አንድ የማውቀው ሰው ውሻው ወልዳለት ሁለት ሴት ቡችሎች ልስጥሽ፣ እህትማማቾች ስለሆኑ አትነጣጥያቸው እያለኝ ነው። 1 ወር ሆኗቸዋል። ሲያምሩ! በሚቀጥለው ሳምንት ውሰጃቸው ብሎኛል። ሁለቱንም ልውሰድ ወይስ አንዷ ትበቃለች?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትውሰጂ። አንዷንም ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቡቺ የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ እንወቅ። በሩ እንደተዘጋ ማላዘንና የወጣሽበትን በር መቧጠጥ ብዙ ጊዜ ሰው የናፈቀው ውሻ ምልክት ነው። ምናልባት የምትፈልገው ሌላ ውሻ ሳይሆን አንቺን ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ ውሻ ብታመጪም ለቅሶው ላይቆም ይችላል፤ ይባስ ብሎ አዲሱም ይለምድና ሁለቱ ተያይዘው ሲያላዝኑ ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ የማትጠቀሚበት ስልክ ካለሽ ጥግ ላይ አስቀምጪና ከወጣሽ በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን 1 ሰዓት ቅረጪ። ሌላ ቀን ደግሞ የምትስማማው የጓደኛሽ ውሻ ካለ፣ ጓደኛሽም አብራቸው ትሁንና፣ ያው ሰዓት ይቀረጽ። ውሻ አጠገቧ እያለም በሩ ላይ ተተክላ ካየሻት መልሱን አገኘሽው። ያኔ የሚያስፈልጋት ብቻዋን መሆንን ቀስ በቀስ መልመድ ነው። 1 ደቂቃ ወጥተሽ ትመለሻለሽ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 15፣ እንዳልተረበሸች እያየሽ ታስረዝሚዋለሽ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ደህና አድርገሽ አንሸራሽሪያት፤ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ብሎ የሚያያት ሰው ካገኘሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ጭንቀቱ ከባድ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም አማክሪ፣ ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ።

ጓደኛ ስታገኝ ተረጋግታ ተኝታ ከዋለች ግን ሁለተኛ ውሻ ይጠቅማታል ማለት ነው።

1 ወር የሆነው ቡችላ ገና ከእናቱ አይለይም። ቢያንስ 8 ሳምንት ይሙላው። ንክሻውን መመጠን የሚማረው በነዚህ ሳምንታት ነው፤ ሲጫወት ጠንክሮ ከነከሰ ወንድሙ ይጮህና ጨዋታውን ያቆምበታል፣ በዚያው ይገባዋል። ይሄን እኔም አንቺም እንደነሱ አድርገን ልናስተምረው አንችልም።

ሁለት እህትማማቾችን አንድ ላይ ማሳደግ ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እርስ በርስ ይጣበቁና ከአንቺም ከቡቺም የሚማሩበት ፋታ ያጣሉ፤ ለየብቻ ካላሠለጠንሻቸውና ለየብቻ ካላንሸራሸርሻቸው አንዷ ያለ ሌላዋ መንቀሳቀስ ሊያቅታት ይችላል። ቡቺም በገዛ ቤቷ ዳር ትቀራለች። ሦስቱም ሴቶች መሆናቸውም ያሳስበኛል። ተስማምተው የሚኖሩ ሴት ውሾች ሞልተዋል፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ በሚኖሩ ሴቶች መሃል ጠብ ከተነሳ ብዙ ጊዜ የከረረ ነው፣ ለማብረድም አስቸጋሪ ነው። የሚነሳው ደግሞ ቡችሎቹ ካደጉ በኋላ ነው፣ አንቺም ከወደድሻቸው በኋላ።

እኔ ብሆን ለሴት ውሻ ወንድ ነው የማመጣላት። በዚህም ቢሆን ማምከኑን ለነገ አትበይ። ሴት ውሻ በአብዛኛው በየ6 ወሩ ገደማ ስሪያ ትገባለች፣ እስከ 3 ሳምንት ይቆይባታል፣ ካረገዘች ደግሞ በ63 ቀን አካባቢ ትወልዳለች። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ እንደሚችል አትርሺ።

ከፆታው በላይ የማየው ግን ጉልበቱን ነው። ይሄን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ውሻዬ 9 ዓመቱ ነበር፣ ዳሌውን ያመው ነበር፣ እኔ ደግሞ በመልኩ ብቻ ተማርኬ እረፍት የማያውቅ ቡችላ አመጣሁበት። ሽማግሌው ያን ያህል የሚወደውን ምንጣፉን ትቶ አልጋ ሥር መዋል ጀመረ። ቡችላው ምንም አላጠፋም፣ ልጅ ነው። ለእሱ የሚሆን ጓደኛ መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ቡቺ 4 ዓመቷ ስለሆነ ገና ብርቱ ናት፤ ቢሆንም ጠባዩ የታወቀ፣ 2 ወይም 3 ዓመት የሆነውና ከሌሎች ውሾች ጋር የኖረ ውሻ ካገኘሽ ከቡችላ ይልቅ እሱን አስቢበት። ቁመናውም አይራራቅ፤ ትልቁ ለጨዋታ ብሎ ትንሹን ሊጎዳው ይችላል።

ክትባት ሳይጣራ አታገናኚያቸው። የፓርቮ ቫይረስ፣ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ አምጥቶ በተለይ ቡችሎችን የሚገድለው፣ አፈርና ወለል ላይ ለወራት ይቆያል። የቡቺ ክትባት ጊዜው እንዳላለፈ፣ የእብድ ውሻ በሽታውን ጨምሮ፣ አረጋግጪ፤ የአዲሱ ታሪክ የማይታወቅ ከሆነ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

የመጀመሪያ ቀን ቤት ውስጥ አይተዋወቁ። የሁለቱም ያልሆነ ቦታ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ገመዱን አላልታችሁ፣ መሃላቸው ሰፋ ያለ ርቀት ትታችሁ በአንድ አቅጣጫ ተጓዙ። ገመድ ከተወጠረ ውሻም ይወጠራል። ቀስ እያላችሁ ተቀራረቡ፣ ጥቂት ሰከንድ ይሽታተቱና መልሳችሁ ጥሯቸው። የፊት እግሯን ዘርግታ ቂጧን ወደ ላይ ካነሳች ጨዋታ ፈልጋለች። አፏን ገጥማ፣ ደርቃ ቆማ ካፈጠጠችበት ግን አራርቋቸው፣ ለዛሬ በቃ።

ቤት ስትገቡ ሳህን፣ አጥንት፣ መጫወቻ ሁሉ ይነሳ። ለየብቻ ይብሉ። ቡቺ ካጉረመረመች አትቆጫት፤ «ራቅ በልልኝ» ማለቷ ነው። ማጉረምረም ከከለከልሻት አንድ ቀን ሳታስጠነቅቅ ልትነክስ ትችላለች። ይልቅ አዲሱን ጠርተሽ አርቂላት፣ እሱ የማይደርስባት የራሷ ጥግም ይኑራት። እስኪላመዱ ድረስ ሁለቱን ብቻ ትተሽ እንዳትወጪ። አንዳንዶቹ በሳምንት ይዋደዳሉ፣ አንዳንዶቹ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ለሰውየው ንገሪው፦ ቢያንስ ሌላ 4 ሳምንት ከእናታቸው ጋር ያቆያቸው፣ ሌላ የሚወስዳቸውም ሰው ይፈልግላቸው። አንቺ በዚህ መሃል ቪዲዮውን ቅረጪና ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ።