ውስኪው የሐኪም ቤት ሽታ አለው፣ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከውጭ ሲመጣ ላፍሮይግ የሚባል፣ 10 ዓመት የተጻፈበት ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ) አመጣልኝ። ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼን ጠርቼ ከፈትኩት። ጭስ ጭስ ይላል፣ አዮዲን አዮዲንም ይሸታል። አንዱ «ፎርጅድ ነው» አለ፣ ሌላው በረዶና ኮካ ጨምሮበት ጠጣው። ተበላሽቶ ነው ወይስ እኛ ነን ያላወቅንበት?
ታ. ከሐዋሳ

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ሽታው ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም፣ እንዲያውም ላፍሮይግ የሚታወቀው በዚሁ ሽታ ነው። የሚሠራው አይላ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ሲሆን፣ የገብሱ ብቅል ሲደርቅ ፒት ይጨስበታል። ፒት ማለት ከረግረግ መሬት ተቆርጦ የሚደርቅ፣ ለብዙ ሺህ ዓመት ከተከማቸ የበሰበሰ ዕፅዋት የሆነ ማገዶ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ብቅሉ ላይ ይቀራሉ፤ ሲነጠርም፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ሲተኛም ጨርሰው አይጠፉም። አዮዲን ያልከው እሱን ነው። ጋኑ በወይራ በደንብ የታጠነ ጠላ የሚወድ ሰው ይህን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ኮካውን ግን እባካችሁ ተዉት። ያ ሁሉ ዓመት የተደከመበት ጣዕም በስኳር ሲሸፈን ያሳዝነኛል፤ ለኮካ ርካሽ ብሌንድድ (የተደባለቀ ውስኪ) ይበቃል። በረዶም ቢሆን ሽታውን ያፍነዋል። ሐዋሳ ቀን ላይ ሲሞቅ እጅ ወደ በረዶ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ለማታ አድርጉት፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልግ፣ ትንሽ የወይን ብርጭቆም ይሆናል። ጥቂት ቅዳና ትንሽ ጠብቀው። ስታሸት አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትክተት፣ አልኮሉ ያቃጥልሃል፤ አፍህን ትንሽ ከፍተህ ከጠርዙ ላይ ቀስ ብለህ ሳብ። መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ቆየት ብሎ ከሥሩ ቫኒላ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ታገኛለህ፣ እሱ ቀድሞ ቦርቦን የሚባል የአሜሪካ ውስኪ ከነበረበት በርሜል የመጣ ነው። ከዚያ ትንሽ ጎንጨት አድርገህ ምላስህ ላይ አቆየው፣ ወዲያው አትዋጠው። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምርና እንደገና አሽት። ውኃ ጣዕሙን ያበላሻል የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ጓያኮል የሚባለው የጭስ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ውስኪው ቀጠን ሲል ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል፣ አፍንጫህም ቶሎ ያገኘዋል።

ጠርሙሱ ላይ ያለው 10 ደግሞ፣ ውስጡ ካለው ውስኪ በዕድሜ ትንሹ ቢያንስ 10 ዓመት በኦክ በርሜል ቆይቷል ማለት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው አይጨምርም፣ ስለዚህ ለልጅህ ሠርግ ብለህ ቡፌ ላይ ብታስቀምጠው አይሻሻልም።

ጭሱን ጨርሶ ካልወደድከው የባለቤትህ ወንድም በሚቀጥለው ግሌንፊዲክ ወይም ግሌንሊቬት ባለ 12 ዓመት ያምጣልህ። ሁለቱም ስኮትላንድ ውስጥ ካለው ስፔይሳይድ አካባቢ ናቸው፣ ጭስ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላሉ። የተከፈተውን ላፍሮይግ አቁመህ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጠው፤ አጋድመኸው ከቆየ አልኮሉ ቡሹን ይጎዳዋል። ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ለዓመታት አታቆየው፣ አየሩ ሽታውን ያደክመዋል።