ጊታር ለጀመራችሁ ልጆች፦ ስለ ቀኝ እጅ

ሰሞኑን ጊታር የማስተምረው አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የስልኬ ሜትሮኖም ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ኮርድ ስቀይር ይፈጥንብኛል» አለኝ። ሜትሮኖም እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ ነው፤ ኮርድ ደግሞ አብረው የሚመቱ ድምፆች። ሳቅኩበት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ሪትም ጊታር እጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የመሸበት እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም አብረነው እናነጋለን። የጊታር ክር እንደ ልብ አይገኝምና ያረጀውን ቀቅለን መልሰን እናስረው ነበር፤ እድፉ ሲለቀው ለጥቂት ቀናት ድምፁ ይጠራል።

ያን ጊዜ ኤፍ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ በአንድ ጣት ስድስቱንም ክር ተጭኖ መያዝ ገና መማሬ ነበር፤ ላሳይ ቸኮልኩ። አንድ ሌሊት የምንጫወተው ዘፈን በትዝታ ቅኝት ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለበትም። ዶን ከሲ (C) ላስነሳ ዘፈን ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ይበቁት ነበር። እኔ ኤፍን ሰነቀርኩበት። ግራ እጄ ቦታውን እስኪይዝ ቀኝ እጄ ቆሞ ጠበቀው። ችክችካው ተሰበረ፤ እስክስታ ይመቱ የነበሩት ግራ ተጋብተው ወደ መድረኩ ዞሩ።

የሆቴሉ ባለቤት «ማነው ያበላሸው?» ብሎ ሲመጣ «ድራሙ ሮጠብን» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ በእውነት የሮጠ መስሎኝ ነበር። ድራመሩ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። አየኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። በወሩ መጨረሻ ተሰናበተ። ከእንግዶቹ አንዱ ያን ሌሊት በካሴት ቀድቶት ኖሮ ከወራት በኋላ ሰማሁት። ድራሙ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሰውዬውን ቤት አውቀው ነበር፤ ጉለሌ ነው። አልሄድኩም።

እናንተ ከስልክ ላይ አራት ኮርድ ለቅማችሁ በሳምንቱ መድረክ ትፈልጋላችሁ። እኔ ብሆን ሳምንቱን ሙሉ ኮርድ አላስይዛችሁም። ግራ እጃችሁ ክሮቹን ይፈናቸው፤ በቀኝ እጃችሁ አንደኛውንና አራተኛውን ጠበቅ እያደረጋችሁ ስድስት ስድስት ምት ግረፉ። ከዚያ ሁለት ኮርድ ብቻ። ስትቀይሩ የመጨረሻዋን ምት በባዶ ክር ግረፏት፤ ግራ እጅ በእርሷ ላይ ይሻገራል። ባይደርስም ቀኙ አይጠብቀው። ክራር ገራፊን አስተውሉ፤ ቀኝ እጁ ሁሉንም ክር ይገርፋል፤ የግራ ጣቶቹ የማይፈለገውን አፍነው የሚፈለገውን ይለቁታል። ቀኙ ግራውን ሲጠብቅ አላየሁም።

ኤፍን ለጊዜው ተዉት። እኔ ራሴ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከኤ ማይነር ወደ ኤፍ ስመላለስ እገኛለሁ፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ቀኝ እጄ ይቆማል።

ለልጁ ዛሬ ደወልኩለት። ሜትሮኖሙ ደህና ነው አልኩት።