ግራዶ ወይስ ሴንሃይዘር? መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርግ

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ጀርባቸው ክፍት የሆነ ሁለት ሄድፎን ይዞ መጣ። አንዱ ግራዶ ኤስአር80ኢ፣ ሌላው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። አንዱን ምረጥ ብሎኛል። የምሰማው ሮክ ነው፣ ያውም በስልኬ። ግራዶው ላይ ጊታሩ ሕይወት አለው። ሴንሃይዘሩ ግን ያንቀላፋ ይመስላል። ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም። ያወዳደርክበት መንገድ ነው ያሳሳተህ።

ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው። ግራዶው 32 ኦም ነው፤ ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም። አንድ ሚሊዋት ጉልበት ለማግኘት ግራዶው 0.18 ቮልት ይበቃዋል። ሴንሃይዘሩ 0.55 ቮልት ይፈልጋል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ የስልኩን ድምፅ ሳትነካ ጃኩን ብቻ ስትቀያይር ሴንሃይዘሩ 10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ይላል። ለጆሮ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ድምፅ ሲቀንስ ደግሞ ቀድመው የሚጠፉት ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) እና ከበሮው ላይ ያለው የብረት ሳህን (ሲምባሉ) ናቸው። ያንቀላፋ የመሰለህ ለዚህ ነው።

እኩል ለማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ወፍራም ካርቶን ፈልግና የስልክ ማይክ የምታክል ቀዳዳ አውጣበት። በጓደኛህ ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫን። ማይኩን ከቀዳዳው በታች ግጠም፣ የሄድፎኑን ትራስ ከላይ ጫን አድርገህ አሳርፍ። ከራስህ ስልክ የ500 ኸርዝ ድምፅ ልቀቅ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው)። በግራዶው ጀምር፣ ድምፁንም መሃል ላይ አድርገው። የወጣውን ቁጥር ያዝ። ከዚያ ሴንሃይዘሩን ሰክተህ ያው ቁጥር እስኪመጣ ጨምር። አፑ ትክክለኛውን ዴሲቤል ባይናገርም ግድ የለም፤ የምንፈልገው እኩል መሆናቸውን ነው። ለሁለቱም ሄድፎኖች የስልኩን የድምፅ መጠን ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ካርቶን አያስፈልግህም።

ስትሰማ ማታ፣ ዋናው መንገድ ጋብ ሲል ስማ። ጀርባው ክፍት ሄድፎን የውጭውን ሁሉ ያስገባል። ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚሄደው የከባድ መኪና ጉርምርምታ የሚሸፍነው ደግሞ በትክክል ቤዙን ነው።

አሁን ወደ ሮኩ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው፣ የጊታሩ 82። ሁለቱም ሄድፎኖች ከቤዙ በታችኛው ጫፍ ይሳሳሉ፤ ጀርባው ክፍት የሆነ አብዛኛው ሄድፎን ጸባዩ ነው። ግራዶው ግን ይብሳል፣ ስፖንጁ ጆሮ ላይ ስለሚቀመጥና አየር ስለሚያሳልፍ። በምትኩ 2 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ጎላ ይላል። የጊታሩ መንከስና የስኔር (የትንሿ ከበሮ) ምት ያሉት እዚያው ሰፈር ነው። ለዚህ ነው ሮክ ሲሰሙበት ደም የሚያሞቀው። ድምፁን በጣም አጉልተው በቀዱት ሙዚቃ ላይ ግን አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ጆሮ ያደክማል። ኤችዲ 600 ላይ ዘፋኙ ቦታውን ይይዛል፤ ተደራርበው የተቀዱ ሁለት ጊታሮች ተለይተው ይሰማሉ። የከበሮ ዱላው ምት ትንሽ ይለሰልሳል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ የሚባል ሌላ ሄድፎንም ለሮክ ሲወደስ ትሰማ ይሆናል፤ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ስለሚጮህ ሲምባል ለሚያሳምመው ሰው አልመክርም።

አንድ ፈተና ልጨምርልህ። ኤሌክትሪክ ጊታር የራሱ የሆነ የታወቀ ድምፅ የለውም፤ አምፕሊፋየሩ የሰጠውን ነው የሚያሰማው። ስለዚህ ማን እውነቱን እንደሚናገር በሮክ ብቻ መፍረድ ይከብዳል። ማሲንቆን ግን የወሎ ልጅ ሆነህ በቅርብ ሰምተሃል። አምባሰል በማሲንቆ የተቀዳ ፈልግና በሁለቱም ስማው። ጭራው ክሩን ሲፈትገው ግራዶው አሹሎ ያሰማዋል። ሴንሃይዘሩ ላይ ሰርግ ቤት የሰማኸው ነው የሚመጣው።

እኔ ብሆን ኤችዲ 600ን እወስዳለሁ። ስልክህ ጫፍ ደርሶ ካነሰህ ትንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየር ይጨመርበታል። ግን ጉልበት አገኘሁ ብለህ አትልቀቀው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ስትሰማ የምትቆየው ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነና አምፕሊፋየር መግዛት ካልፈለግህ ግራዶውን ብትወስድ አልቃወምህም።

በጥገና በኩል ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ግራዶው ገመዱ አይነቀልም፤ ሲጠማዘዝ ውስጡ ይበጠሳል፣ ስፖንጁም ሲያረጅ ይፈረፈራል። የኤችዲ 600 ገመድ፣ ትራስና የራስ ማሰሪያው ሁሉ ይነቀላል። ያገለገለ ከሆነ ትራሱ መጠፍጠፉን እይ፤ የተጠፈጠፈ ትራስ ድምፁን ይለውጠዋል። አንዱ ጆሮ ከጠፋ የግራውንና የቀኙን ገመድ አቀያይረህ ሰካ። ዝምታው ወደ ሌላው ጆሮ ከሄደ ገመዱ ነው፣ ይቀየራል። ባለበት ከቀረ ደሴ ስትወጣ ይዘኸው ና።