የእማዬን ክኒን ዛሬውኑ ላስቁማት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እማዬ 56 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ሲያማት ጎረቤት የጠቆመቻትን ፕሬድኒሶሎን ከሰፈር መድኃኒት ቤት እየገዛች ሦስት ዓመት ወሰደች። ባለ 5 ሚሊግራሙን፣ በቀን ሁለት ፍሬ። አሁን ፊቷ ክብ ሆኖ ቀልቷል፣ ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ ግን ቀጥኗል። ከበርጩማ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። ሐኪም «ኩሺንግ ሲንድረም ነው» አላት። ወንድሜ ክኒኑን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ እያለ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ደግሞ ለዚሁ በሽታ በአፍንጫዋ በኩል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ድናለች። እማዬም ያስፈልጋታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላው ይቆይና መጀመሪያ ወንድምሽን አስቁሚልኝ። ክኒኑ መቀነስ አለበት። በአንድ ቀን ግን አይቋረጥም።

ከኩላሊታችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ኩሺንግ ሲንድረም የሚባለው ኮርቲሶል ወይም መሰሉ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ሲበዛ የሚመጣው ነው። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፣ የኮርቲሶልን ሥራ ይሠራል። ይህን ያህል ዓመት ከውጭ ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ይተኛሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቀር ሰውነት ሆርሞኑን ከየትም አያገኝም። ማስመለስ፣ ማዞር፣ የግፊትና የስኳር መውረድ ይመጣል። ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት እንዲህ ሆነው የመጡ እናት ከአእምሮዬ አይጠፉም። ልጃቸው ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ጨብጦ ነበር። እሱን ባያሳየን የምግብ መመረዝ ነው ብለን ጊዜ እናባክን ነበር። ኮርቲሶልን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ሰጠናቸው። ሲነጋ ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ።

እናትሽ በቀን 10 ሚሊግራም ነው የሚወስዱት። ጤነኛ ሰውነት በቀን የሚያመነጨው ኮርቲሶል ከ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ እስከ 5 ድረስ ቶሎ ቶሎ መቀነስ ይቻላል። ከዚያ በታች ግን በጣም በዝግታ ነው። ሐኪሙ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ደም አስወስዶ ዕጢዎቹ መንቃታቸውን ያያል። ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። በመሐል ኃይለኛ ትኩሳት ከያዛቸው ወይም ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋቸው መጠኑ ለጊዜው ከፍ ይላል። የሚያክማቸው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። ፊት ለማቅላት የሚቀቡት ክሬም ካለም ሳታፍሪ ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ አለ።

የምታውቂያት ሴት ነገር ሌላ ነው። በእሷ ጭንቅላት ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ትንሽ እባጭ በቅሎ አድሬናሎቹን «አምርቱ» እያለ ሲያዛቸው የነበረ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1932 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሕክምናም በአፍንጫ በኩል ገብቶ እባጩን ማውጣት ነው። እባጩ አድሬናል ላይ ከሆነ ያቺው ዕጢ ትወጣለች። ቀዶ ሕክምናው ካልበቃ ወይም ካልተቻለ ጨረር አለ፣ ኮርቲሶል የሚቀንሱ እንደ ኬቶኮናዞል ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ኬቶኮናዞል ጉበት ስለሚጎዳ ክትትል ይፈልጋል። የእናትሽ መንስኤ ክኒኑ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

ለቀጠሮው ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ግፊት፣ ስኳርና የአጥንት ጥንካሬ ይታይላቸው። የጉልበታቸውም ሕመም ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል፣ አለዚያ ወደ ክኒኑ ይመልሳቸዋል። ፊታቸው በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የጭናቸው ጡንቻ ይዘገያል። እስከዚያው ከበርጩማ ሲነሱ ክንዳቸውን ያዢላቸው።